ጥላውን ለሌቦቹ ተውኩላቸው

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ልጄ ደግሞ አራተኛ ዓመቷን ጨርሳ አምስት ልትይዝ። የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ አንድ ዓመት ግድም ሲቀረው መሆኑ ነው። የሞተሬን ዕድሜ ከጠየቃችሁኝ አላውቀውም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ስቀሰቅሳት እንደ አሮጊት ሦስት አራት ጊዜ ካልሳለች አትነሳም ነበር።

ያገኘኋት ከዚያ በፊት ከሠራሁላቸው ፈረንሳዮች ነው። የባልየው የሥራ ጊዜ አልቆ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸው በሳጥን ሲታሸግ፣ ይህቺ ትንሽ ቀይ ሞተር ግቢው ጥግ አቧራዋን ለብሳ ቆማለች። ሴትየዋ እሷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ “ውሰጃት፣ ያንቺ ናት” አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቁልፉን መዳፌ ላይ ስታስቀምጠው ግን ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። መንዳት የት አውቄ! ከፈረንሳዮቹ ቤት፣ ከጅቡቲው ሀራሙስ፣ እስከ አክስቴ ሰፈር ካርቲየ 3 ድረስ እየገፋሁ ወሰድኳት። መንገድ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች “እህት፣ በቅሎሽ እምቢ አለች?” እያሉ ሲሳለቁብኝ፣ እኔ በላብ ተጠምቄ፣ በሆዴ ግን ሙሽራ የምሸኝ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። መንዳቱን የሰፈራችን ባለጋራዥ አስተማረኝ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ በሦስተኛው ለመድኩት።

ይህቺ ሞተር ለእኔ ምን እንደነበረች ላስረዳችሁ። ጅቡቲ ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ ያገሬ ሴቶች አብዛኞቹ እዚያው ነው የሚያድሩት። እኔም ልጄ ጡት ከተወች ጀምሮ እንደዚያው ነበርኩ። ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከቪላው ወጥ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል እተኛለሁ፤ ልጄን ካርቲየ 3 ውስጥ አክስቴ ታሳድግልኛለች፤ የምንተያየው ዓርብ ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ በሩን ከፍቼ ስገባ ልጄ ወደ ጓዳ ሮጠችና ለአክስቴ፣ “እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ መጣች!” አለቻት። አክስቴ እኔን ላለማየት ድስቷን ማማሰል ያዘች። እኔ የገዛሁትን ብስኩት እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

ስለዚህ ፈረንሳዮቹ ሄደው ሌላ ቤት ስቀጠር አዲሷን ማዳም የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ቤቴ ልደር። አሰበችና፣ “ባለቤቴ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚወጣው። ቁርሱ ካልዘገየበት፣ ማታም እራት ካነሳሽ በኋላ ከሄድሽ፣ የምታድሪበት የእኔ ጉዳይ አይደለም” አለችኝ። በዚያ ሰዓት ሀራሙስ የሚደርስ ሚኒባስ የለም። በታክሲ ልመላለስ ብል ደግሞ የምሠራው ለባለታክሲው ነው። ሞተሬ ግን አለች። ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ ማደር ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ይሁን በሦስተኛው፣ በእንቅልፍ ልቧ እግሯን ሆዴ ላይ ጭና “እማ” አለችኝ። እስኪነጋ አልተንቀሳቀስኩም።

አክስቴ ግን ሞተሯን አላመነቻትም።

“ስሚ፣” አለችኝ አንድ ቀን የሳምቡሳ ሊጥ እየዳመጠች፣ “ይህ ነገርሽ የተሰረቀ ዕለት ተመልሰሽ ሰው ቤት ልታድሪ ነው። እንደዚያ ከሆነ ልጅቷን ይዤ ድሬዳዋ ለእናትሽ ነው የማስረክባት። እኔ ጉልበቴ አልቋል። ልጅ ደግሞ እናቱን በሳምንት አንዴ እንደ ክኒን እየዋጠ አያድግም።”

“አይሰረቅም፣ አክስቴ።”

“የተሰረቀባቸው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሉት!” አለችና ሊጧን በጥፊ መታችው።

ችግሩ ሞተሯን ሥራ ቦታ የት እንደማቆማት ነበር። ማዳም መጀመሪያ ግቢ አስገብታልኝ ነበር፤ ሞተሬ በነጩ ንጣፍ ላይ ዘይቷን ጠብ ጠብ አደረገችበት። ሁለት ቀን በሳሙና ፈትጌ አለቀቀም። ከዚያ በኋላ ማዳም በጣቷ ወደ ደጅ አሳየችኝ፤ አልፈረድኩባትም። ደጅ፣ ከበራችን ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። በዚያ መንገድ ደህና ጥላ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ የየቪላው ሾፌርና አትክልተኛ ሁሉ ሞተሩን የሚደረድረው እዚያ ሥር ነው። እኔም በሰንሰለትና በጓጉንቸር አስሬ እዚያው አቆማት ጀመር።

የጅቡቲን በጋ ያላየ ሰው ይህን ታሪክ እንዲገባው የቀትሩን ነገር ልንገረው። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ላይ ከአገራችን የሚመጣው ጫት ከተማው ይደርሳል። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ይሯሯጣል። ጥሩምባው ይጮኻል፣ ዘበኛው እስሩን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማው ትንፋሹን ይውጣል። ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። በሐምሌና በነሐሴ ያ አቧራ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ ሲጨመርበትማ፣ ውሻ እንኳ መንገድ አቋርጦ አይሄድም።

ሞተሮቹ መጥፋት የጀመሩት በዚያ በጋ ነው። ሁላችንም ሌባ የሌሊት ነው ብለን ስንፈራ፣ እነሱ በጠራራ ፀሐይ መጡ። መጀመሪያ የጎረቤታችን ቪላ ሾፌር ሞተሩን ተነጠቀ። ሾፌሩ የሐረር ልጅ ነው፤ አፉ የማያርፍ ተጫዋች። ያን ቀን ግን የተቆረጠ ሰንሰለቱን እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥሎ መጣ።

“እንዴት አላያችሁም?” አለ ወደ እኛ ዘበኛ ዞሮ።

የእኛ ዘበኛ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርተው ያረጁ ሶማሌ ናቸው፤ አማርኛቸው እንደኛው ነው። ሶማሌዎቹ ትልቅ ሰውን “አዴር” ነው የሚሉት፣ አጎት እንደማለት፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

“አየሁ እንጂ፣” አሉ አዴር። “አንድ ሰው ዛፉ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ታዲያ ጥላ ሥር የተጋደመን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው? ለምን ፀሐይ አትመታህም ልበለው?”

ሳምንት ሳይሞላ የአንዱ አትክልተኛ ሞተር እንደዚያው ሄደ። አሁንም ከዛፉ ሥር፣ አሁንም በቀትር። እኔ ቤት ገብቼ ለአክስቴ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ሳምቡሳ ከሚገዟት ሰምታ ጠበቀችኝ። የድሬዳዋ መኪና የሚነሳበትን ቀን እኔ እንድሰማ ጎረቤታችንን ጮክ ብላ ጠየቀች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ዞሬ ስለመጣሁ ዘገየሁ። ስደርስ ከዛፉ ሥር መርፌ መጣያ ቦታ የለም። እየተነጫነጭኩ ሞተሬን ከዛፉ ራቅ አድርጌ፣ ፀሐይ በሚያነደው ባዶ ቦታ፣ ከመብራት ምሰሶው ጋር አሰርኳት። ቀትር ላይ ማዳም በረዶ አልቆባት በቶሎ አምጪልኝ አለችኝ። ሮጥ ብዬ ወጥቼ ሞተሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ልበላችሁ፤ ካውያ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ቀሚስና ሱሪ ደርቤ እንኳ እንደ ምንጭ ወደ ላይ ተፈናጠርኩ። መሪውን ስይዝ መዳፌን ላጠኝ። ጓጉንቸሩማ በእጅ የሚነካ አልነበረም፤ በሻሼ ጫፍ ነው የያዝኩት። አዴር ከበሩ ጥላ ሥር ሆነው በሳቅ ሊሞቱ ነው።

“ልጄ፣ በርበሬም እንዲህ አይሰጣ! ለምን ጥላ ውስጥ አታስገቢያትም?”

መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ዞር ብዬ መንገዱን አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ፣ ባዶ፣ የሚንቀለቀል። በዚያ ሁሉ ሜዳ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከየበሩ የተጋደመው ዘበኛ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ እኔን ነው የሚያየው፤ ማን ናት ይህቺ እብድ ብሎ። ዛፉ ሥር ደግሞ አንድ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ማን እንደሆኑ የጠየቃቸው የለም። አዴር አንድ ጊዜ የተናገሩት ነገር ያኔ ነው የገባኝ። በዚህ ከተማ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሰበብ አያስፈልገውም። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመ ግን ከየት መጣ መባሉ አይቀርም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛፉ ሥር ቦታ ቢኖርም ሞተሬን አላስገባትም። ባለጋራዡን አማክሬው፣ “ቤንዚኑን እስከ አፉ አትሙዪው፣ መያዣውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው” አለኝ። መያዣውን በነጭ ጨርቅ አለብሳለሁ። ጥቁሩን መቀመጫ፣ መሪውን፣ ሰንሰለቱንና ጓጉንቸሩን ግን ለፀሐይ አስረክባቸዋለሁ። ስወጣ በባልዲ ውሃ አቀዘቅዛታለሁ፤ ትጮኻለች፣ ትተናለች፣ ከዚያ ታስቀምጠኛለች።

ስድቡን ጠገብኩት። ሾፌሩ ሞተሩ ከጠፋ ወዲህ የመጀመሪያውን ሳቅ የሳቀው በእኔ ነው።

“እህቴ፣ ሞተርሽን ልትጠብሻት ነው እንዴ? ሚጥሚጣ ላቀብልሽ?”

“ጥላ ሥር ያቆምካት ያንተዋ የታለች?” አልኩት።

“ኧረ በስማም! ቁስሌን ነካሽው እኮ!” አለና ደረቱን ይዞ ሄደ።

አክስቴም ሰማች። “ፀሐይ ላይ ተጥላ ፈነዳች የሚለውን ወሬ ደግሞ መቼ ነው የምሰማው?” አለች። አንዳንዴ ሌሊት ነቅቼ እሷ ትክክል ብትሆንስ እል ነበር። መቀመጫው መሰንጠቅ ጀምሯል። ከልጄ አጠገብ ተኝቼ የእሷን እግር በእጄ እይዝና፣ ነገ ከሥራ ስወጣ ምሰሶው ባዶ ቢሆን ምን እንደምሆን አስባለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ነው። ማዳም ተኝታለች። እኔ ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ሳህን አጥባለሁ። መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው። ከዛፉ ሥር አንድ ሽርጥ ያገለደመ ወጣት ጫቱን ይዞ ተጋድሟል፤ አየሁት፣ እንደ ሌላው ሰው መስሎኝ ተውኩት። ሳህኔን አስቀምጬ ቀና ስል ሰውየው ፀሐይ ውስጥ ቆሟል። ሞተሬ ጋ። እጁ ላይ ብረት መቁረጫ።

እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ልጁ ብልህ ነው፣ ሰንሰለቱን በሽርጡ ጫፍ ይዞ ቆረጠው። ኮሽ ሲል ሰማሁት። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ በሩን በርግጄ ወጣሁ፤ የሳህን ማጠቢያውን ጨርቅ እንደያዝኩ።

እሱ ግን ቸኩሎ ነበርና እንደ እኔው ዘሎ ተቀመጠባት።

ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። በስስ ሽርጥ ነዋ የተቀመጠው! ወደ ላይ ሲፈናጠር መሪውን ያዘ፣ መሪውን ሲይዝ ዳግመኛ ጮኸ፣ ሲለቀው ሞተሯ በጎኗ ወደቀችበት። ከሥሯ ሲወጣ ነጠላ ጫማዎቹ እዚያው ቀሩ። አስፋልቱን አስቡት! በባዶ እግሩ ዘይት ውስጥ እንደገባች ሳምቡሳ እየዘለለ፣ ጥላ ጥላ እያለ መንገዱን ሲያቋርጥ፣ ከየበሩ ሰው ብድግ ብድግ አለ። በዚያ ነጭ ሜዳ የሚንቀሳቀስ እሱ ብቻ ነው፤ ወዴትም ሊሰወር አልቻለም። ወደ ግራ ዘለለ፣ የበሩ ጥላ ውስጥ ዘበኛ ቆሟል። ወደ ቀኝ ዘለለ፣ እዚያም ጥላው ሥር ዘበኛ ነው። እግሩ መታገሥ ሲያቅተው የቀረበውን ጥላ መረጠ፤ የእኛን። አዴር ከተጋደሙበት እንኳ አልተነሱም።

“ና ልጄ፣ ና፣” አሉት በሶማልኛ እጃቸውን ዘርግተው፣ “እዚህ ቀዝቀዝ ይላል።”

መጥቶ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ በገዛ እግሩ።

ሾፌሩ ደረሰና እጁን አነሳ። “የኔዋ የት ናት? ተናገር!” አዴር እጁን ያዙት። “ተው፣ ከዚህ በላይ ልታቃጥለው ነው?” እኔ ሞተሬን ለማቀዝቀዝ ያስቀመጥኩትን ባልዲ ሳላስበው አንስቼ ልጁ እግር ላይ አፈሰስኩለት። ቀና ብሎ አየኝ። ሃያ ዓመትም የሞላው አይመስልም። “ይህቺ ሞተር ያንቺ ናት?” አለኝ በአረብኛ። “የእኔ ናት፣” ስለው፣ “ለምን ጥላ ውስጥ አታቆሚያትም?” ብሎ እርፍ! ሾፌሩ ሊመታው የሰነዘረውን እጅ ሆዱ ላይ አድርጎ በሳቅ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ አስፋልቱ አቃጥሎት እሱም ዘሎ ተነሳ።

ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ሁለቱን ሞተሮች የደበቀበትን ግቢ አሳይቷቸው፣ ሾፌሩ መስታወቷ የተሰበረ ሞተሩን በሦስተኛው ቀን አገኘ። እየነዳት መጥቶ እፊቴ አቆመና ከሞተሩ ወርዶ እጄን ሳመኝ፤ በሰው ፊት፣ ያ ቀልደኛ።

“ሚጥሚጣውን አመጣህልኝ?” አልኩት።

“ሙሉ ቁና አመጣልሻለሁ፣ እህቴ!”

በማግሥቱ ሥራ ስገባ ያየሁትን ብታዩ። ትልቁ ዛፍ ሥር ባዶ ነው፤ አንዲት ድመት ብቻዋን ተንፈላስሳበታለች። ሞተሩ ሁሉ፣ የሾፌሩም የአትክልተኛውም፣ ከእኔዋ ጎን በፀሐዩ ላይ በሰልፍ ቆሟል፤ ሁሉም ቤንዚን መያዣው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ። አዴር በሩ ላይ ሆነው እንደ ጄኔራል ሰልፉን ይመለከታሉ። “ልጄ፣ ወታደሮችሽ ተሰልፈዋል፣” አሉኝ። ከሞተሬ ሳልወርድ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ሰላምታ ሰጠኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም።

ማዳምም ወሬውን ሰምታ ነበር። ወጥ ቤት መጣችና፣ “ካርቶን አንጥፊበትና ግቢ አስገቢያት፣ ይበቃሻል” አለችኝ። አመሰገንኳት። እስከ መስከረም ግን ውጭ ትቆይልኝ አልኳት። እንዴት ከሰልፉ ላውጣት?

ሌባው የተያዘ ዕለት ማታ አክስቴ ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ልጄ ሌባውን ሆና ከምንጣፉ ላይ እየዘለለች “ወይ እግሬ! ወይ እግሬ!” ስትል፣ አክስቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች። ስለ ድሬዳዋ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ልጄ ደክሟት ክንዴ ላይ ተኛች።

የዚያው ሳምንት እሑድ፣ እዚያ የእረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ እኔ ሥራ እያለሁ፣ አክስቴ ሳምቡሳ መጥበሷን ለጎረቤት ትታ፣ የልጄን ፀጉር ሠርታ፣ እጇን ይዛ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤት ወሰደቻትና አስመዘገበቻት። የእናት ስም ሲሏት የእኔን ነገረቻቸው።